የአርዲቦ ምስል የማን ንብረት ይሁን?

ይድረስ፦ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ባሕር ዳር
ለደቡብ ወሎ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ደሴ

ጉዳዩ፦ በግል የሚሠሩ የፊልምና የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰሮችንና ዳይሬክተሮችን የሥራ ውል፣ የቀረጻ ፈቃድና የባለቤትነት መብት ይመለከታል

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሎጎ ሐይቅንና የእስጢፋኖስን ገዳም ነው። የአርዲቦን ሐይቅ ለማየት ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኮረብታውን መያዝ አለበት። አርዲቦ ከፍ ብሎ በተራሮች መሃል የተቀመጠ ሲሆን ትርፍ ውኃውን በአንከርካ ወንዝ ቁልቁል ወደ ሎጎ ሐይቅ ይልካል። ካሜራ የያዘ ሰው እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ድሮን ማስነሣት ነው። የሐይቁ ሰማያዊ፣ የማሳው አረንጓዴና የአምባሰል ተራሮች ጥላ በአንድ ምስል ይገባሉ። እንዲህ ያለው ምስል በስብሰባ አዳራሽ፣ በቱሪዝም ሳምንትና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዞር መጨረሻው ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ያሠራው መሥሪያ ቤት ዓርማ ነው። የቀራጩ ስም የለም። ጥሬው ፉቴጅም በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል።

የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ከዚያ መሳቢያ ይጀምራል። ባለሙያው ድጎማ ይሰጠው ለማለት አይደለም፤ ቢያንስ በቅድሚያ አይደለም። ቢሮውና መምሪያው በጀት ይዘው ለሚያሠሩት ሥራ የሚፈርሙት ውል እንዲለወጥ ነው። በአሁኑ ውል የግል ፕሮዲዩሰሩ ምስል አንሥቶ ያስረክባል፤ አንድ ሥራ ባስረከበ ቁጥር ለሚቀጥለው ሥራ የሚሆን አንዳች ነገር በእጁ አይቀርም። በዚህ አካሄድ ሃያ ዓመት የሠራ ዳይሬክተር እንኳ የራሴ የሚለው ፊልም ላይኖረው ይችላል።

ወሎ ካሜራ ያላየው አገር አይደለም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የሠራው “ያልታወቀው ረሃብ” የተሰኘ ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ያው ምስል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በዚህኛው ቅንብር በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ለውሾች የሚቀርብ ሥጋ እየገባ ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለንደን በምስሉ የእርዳታ ጥሪ አቀረበችበት፤ ደርግ መንግሥት ገለበጠበት። በሁለቱም ወሎዬው የሚታይ እንጂ የሚያሳይ አልነበረም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ታሪኩ ተደገመ። ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ከነበረችው ከኮረም የተላከው የማይክል በርክ የረሃብ ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ፤ ከዚያም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። “ባንድ ኤይድ” እና “ላይቭ ኤይድ” የተባሉት የእርዳታ ዘመቻዎች የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ምስሉን ያነሣው ግን እንግሊዛዊ አልነበረም። ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነው።

አሚን ለዚህ ደብዳቤ የሚጠቀሰው በዝናው አይደለም። ገና 20 ዓመት ገደማ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ከትልልቅ የዜና ተቋማት ጋር ሲሠራ ይህ ድርጅት አብሮት ነበር፤ የፎቶ ክምችት ያዘ፣ መጽሐፍ አሳተመ፣ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን ግራ እጁን አጣ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ቀረጻ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሲሞትም ካሜራፒክስ አብሮት አልሞተም። የምስሉ ክምችት የድርጅቱ ስለነበር ከእርሱ በኋላ የመጡት የሚሠሩበት ነገር አገኙ።

ዲምብልቢ ወሎን ቀርጾ በሄደ በዓመቱ፣ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ የጎንደር ልጅ ከሎስ አንጀለስ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ኃይሌ ገሪማ ገና የዩሲኤልኤ ተማሪ ነበር። ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች፣ በአማርኛ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የተባለውን የ150 ደቂቃ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ስለ ጭሰኛና ስለ ባለርስት ነው። በዚያ ወቅት የዓለም ካሜራ ሁሉ የተራበውን ገበሬ ሲያሳይ፣ ኃይሌ ያሳየው የሚያርሰውን፣ የሚከራከረውንና የሚቆጣውን ገበሬ ነበር። ከዓመታት በኋላም ፊልሙ ተጠግኖ እንደገና ለዕይታ በቃ።

የኃይሌ ሙያዊ ሕይወት ግን ከሽልማቱ ይልቅ በሽያጩ ይነበባል። “ሳንኮፋ” እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ግን አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራዩ፤ ፊልሙንም በየከተማው እየዞሩ በማኅበረሰቡ እገዛ አሳዩ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር በዚሁ ፊልም ስም ይጠራል። “ጤዛ” ገንዘቡ እስኪሟላለት 14 ዓመት ያህል ጠበቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ዋና ሽልማት አገኘ። “ሳንኮፋ” እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ፣ ከ28 ዓመት በኋላ ስለ ፊልሙ መደራደር የሚችል ሰው ነበረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መብቱ ከሠሪው እጅ አልወጣም ነበር።

ከኃይሌ በኋላ የመጡትም መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። እናቱን በድርቅ ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይሰጣል። ልጁ ሞያ ያውቃል፤ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ወደ አገሩ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ገንዘብ ለማጠራቀም። ድርቁ አለ፣ ሞቱም አለ፤ ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ግን የልጁን ዘዴ ነው። ፕሮዲዩሰሯ አማ አምፓዱ የፊልሙን ወጪ ያሟላችው ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከኖርዌይና ከኳታር ነው። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ደግሞ “ፋያ ዳዪ” የተባለውን ዘጋቢ ፊልሟን አሥር ዓመት ገደማ እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ ሠራችው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ታየ፤ ለኦስካር የዘጋቢ ፊልሞች የማጣሪያ ዝርዝርም በቃ።

በቴሌቪዥን በኩል ያለው ጥሩ አብነት ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የመጣ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2006 የቀጭኔዋን አሻንጉሊት ፀሐይን ፈጠሩ፤ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለው የሕጻናት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪ ዠነስንና የጃፓንን ሽልማት አገኘ። ገጸ ባሕርይዋ የፈጣሪዎቿ ስለነበረች መጽሐፍም ሆነች፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ተከተሏት። ፀሐይ በአንድ ክፍያ ተሽጣ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በኋላ የሚቀጥል ሥራ ባልኖረ።

እነዚህን ስሞች ይዞ ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ መመለስ ያስፈልጋል። እዚህ በካሜራ የሚተዳደር ሰው ኑሮው ከሠርግ ይጀምራል። ከጥር እስከ ፋሲካ ማግስት ባሉት ወራት፣ ጾሙ ካልከለከለ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይቀርጻል። በመሃል የሙዚቃ ክሊፕ፣ የምረቃ ቪዲዮ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ይሠራል። ከፍ ያለው ሥራ የእርዳታ ድርጅት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዶክመንተሪ ነው። የራሱን ታሪክ የሚጽፈው ከነዚህ በተረፈው ጊዜ ነው።

የቴሌቪዥን ፕሮግራም ልሥራ ያለ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። ጣቢያው ፕሮግራሙን ከእርሱ አይገዛም፤ እርሱ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል። ከዚያ የአየር ሰዓቱን ዕዳ፣ የካሜራማኑንና የኤዲተሩን ደመወዝ የሚሸፍንለት ስፖንሰር ፍለጋ ይዞራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና የሚበጅ እርምጃ ነበር። የቢራ ፋብሪካዎች ግን የተከታታይ ድራማና የመዝናኛ ፕሮግራም ትልቅ ስፖንሰር ስለነበሩ፣ የጎደለው ገንዘብ ከየት ይተካ የሚለው ጥያቄ ለየፕሮዲዩሰሩ ኪስ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ ያለው የባንክና የሪል እስቴት በር ያንኳኳል። ሐይቅ ላይ ያለው የሚያንኳኳው በር የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ ቢሮው እዚህ ለፊልም ሰሪው እንደ ማንኛውም ደንበኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ገበያ ነው።

የዚህ ገበያ አሠራር በጨረታ ሰነዱ ላይ ይታያል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያ ይጠየቃል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ቅድመ ክፍያ ቢፈቀድም ዋስትና ይፈልጋል፤ ዋስትና የሚሰጠው ደግሞ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ነው፤ ካሜራ ብቻ ላለው ሰው የማይከፈት በር ነው። በመሆኑም ነዳጁን፣ የድሮን ኪራዩንና አበሉን ከራሱ አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፣ ከዚያ “እዚህ ጋ የኃላፊው ንግግር ይርዘም” ተብሎ ይመለስለታል። ስንት ጊዜ ሊመለስለት እንደሚችል ውሉ አይናገርም። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ “ማንኛውም የተቀረጸ ምስል የአሠሪው ንብረት ነው” የሚል መስመር ይኖራል።

ያ መስመር ባይጻፍም ሕጉ ወደዚያው ያደላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት ያሠራው ወገን ነው ይላል፤ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር። የሥራ አመንጪ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብትም በዚሁ አዋጅ አለው። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ የሚለምነው ለውጥ አዋጅ አያሻሽልም፣ ምክር ቤት አያስጠራም። “በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር” የምትለዋ ሐረግ ለቢሮው የሕግ ክፍል ትበቃዋለች፤ በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው የአገሪቱ የፊልም ፖሊሲም ዘርፉ እንዲያድግ የሚፈልግ ሰነድ ነው።

በተግባር ሊሆን የሚገባው ይህ ነው። ቢሮው በገንዘቡ ያሠራውን ፊልም ለማስተዋወቅ ሥራው ያለ ጊዜ ገደብና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቀምበት። የፉቴጁና የፊልሙ ባለቤት ግን ሠሪው ይሁን፤ በዚያው ምስል ሌላ ፊልም መሥራት፣ ለሌላ ጣቢያ መሸጥ ይቻለው። የዳይሬክተሩ፣ የካሜራማኑና የኤዲተሩ ስም በመጨረሻው ላይ ይጻፍ። ክፍያው ውል ሲፈረም፣ የመጀመሪያው ቅንብር ሲታይና ቢሮው ፊልሙን ሲረከብ በሦስት ይከፈል፤ የማስተካከያው ብዛትም በቁጥር ይወሰን። ከየፊልሙ አንድ ቅጂ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይግባ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት አርዲቦን የሚያጠና ሰው የውኃውን ዳርቻ የሚያመሳክርበት ምስል ያገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈቃድ ነው። አርዲቦ ላይ ለሁለት ቀን ለመቅረጽ የተነሣ ሰው የትብብር ደብዳቤ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ያስጽፋል። በየደረጃው ክብ ማኅተም ያለው ሰው ቢሮው ውስጥ መገኘት አለበት፤ ስብሰባ ከገባ ቡድኑ ሐይቅ ከተማ አልጋ ይዞ ይጠብቃል። ዳርቻው ላይ ሲደርስ ደግሞ ደብዳቤው የማይመለከተው ሌላ አካል ሊመጣ ይችላል። ጠዋት ጉሙ ከውኃው ሳይነሣ መቀረጽ የነበረበት ትዕይንት ጀንበር ከበረታች በኋላ ይቀረጻል። በክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ጥንቃቄ የግድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ያለፉበት ገና ከአእምሮ አልወጣም። ለዚህም ነው የሚያውቀውና የሚቆጣጠረው አንድ መስኮት የሚያስፈልገው። የተሁለደሬ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለአርዲቦና ለሐይቅ አካባቢ ፈቃዱን በአንድ ወረቀት ቢሰጥ፣ ለጸጥታ አካላትም ራሱ ቢያሳውቅ፣ ፊልም ሰሪው በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ወረዳውም ማን የት እየቀረጸ እንደሆነ ያውቃል።

በዚያው ወረቀት ላይ የሚቀረጸው ሰው ፈቃድም መካተት አለበት። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዘረሰናይ ብርሃኔ “ድፍረት” አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች አዳራሽ ገብቶ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው በዚያው ዓመት ነበር። ክርክሩ ፊልሙ ከተነሣበት እውነተኛ ታሪክ ባለቤት መብት ጋር የተያያዘ ነበር። በ1966 እና በ1977 ወሎ ውስጥ ሌንስ ፊት የቆሙትን ሰዎች ፈቃድ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። አርዲቦ ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ፊቱ በማስታወቂያ ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ቀኑን ሙሉ ካዋሉትም ሊከፈለው ይገባል።

“የመንግሥት ገንዘብ የሠራው የመንግሥት ነው” የሚል መልስ እንደሚመጣ ይጠበቃል። መልሱ ሚዛን የሚደፋው ቢሮው የሚያጣው ነገር ካለ ነው። ቢሮው የሚፈልገው አርዲቦ እንዲታይ ከሆነ፣ መሳቢያ ውስጥ ካለ ፉቴጅ ይልቅ ባለቤቱ የሚሸጠው፣ የሚያዞረውና ፌስቲቫል የሚልከው ፊልም ያሳየዋል። ቡርኪና ፋሶ ይህን ቀድማ አውቃለች። ከኢትዮጵያ ያልተሻለ ሀብት ያላት አገር በ1970 እ.ኤ.አ. ሲኒማ ቤቶቿን በመንግሥት ይዞታ አድርጋ ከቲኬት ሽያጭ ላይ ለአገር ውስጥ ፊልም መሥሪያ ገንዘብ መደበች። ከዚያች አገር የወጣው ኢድሪሳ ዌድራኦጎ “ያባ” የተባለ ፊልሙን ባደገበት አካባቢ ባለች መንደር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ካን ላይ አሳየ። መንደሯን ዓለም ያየው በዳይሬክተሩ ፊልም እንጂ በቱሪዝም ማስታወቂያ አይደለም።

የሚቀረጽ ነገር ግን አይጠፋም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ከአርዲቦ ብዙም አይርቅም። ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸው ከዚሁ አገር ነው። መንዙማው፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት የሚኖሩበት ዝምድና፣ በ1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ ላይ ተፈርሞ ዓድዋን ያስከተለው የውጫሌ ውል አለ። ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. ዓድዋን ፊልም አድርጓል። የይስማ ንጉሥን ሰሞን ከአምባሰል ገበሬ ወገን የሚያሳይ ልብ ወለድ ፊልም ግን ገና ቦታው ክፍት ነው፤ ሊሠራው የሚችለው ሰው ምናልባት በዚህ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ሠርግ እየቀረጸ ይሆናል።

ስለዚህ ቢሮውና መምሪያው በቅርቡ አርዲቦ ላይ የሚያሠሩትን አንድ ፊልም ብቻ በዚህ ዓይነት ውል እንዲሞክሩ ይጠየቃሉ። የውሉ ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት በደቡብ ወሎ በግል የሚሠሩ ፕሮዲዩሰሮች፣ ዳይሬክተሮችና ካሜራማኖች ደሴ ላይ ተጠርተው ይዩት፤ የማይስማሙበት አንቀጽ ካለ በጽሑፍ ይመዝገብ። ፊልሙ ሲጠናቀቅ መጀመሪያ ሐይቅ ከተማ ለዳርቻው ነዋሪ፣ ቀጥሎ ደሴ በወሎ ባህል አምባ ይታይ። ቢሮው በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የሚተላለፍበትን የአየር ሰዓት ራሱ ይግዛ፤ ወጪው በፕሮዲዩሰሩ ላይ አይጣል። ከዓመት በኋላም ፊልሙ የት የት እንደታየ፣ ለማን እንደተሸጠ፣ ሠሪው በዚያው ፉቴጅ ሌላ ምን እንደሠራ ተቆጥሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ካሉት ፊልሞች ጋር ተነጻጽሮ በይፋ ይነገር። የውሉ ናሙና በየወረዳው ይሠራጭ ወይስ ይቅር የሚለው በዚያ ሪፖርት ላይ ይወሰን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለተሁለደሬ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሐይቅ
ለአምባሰል ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ውጫሌ
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴ
ለአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ባሕር ዳር